መቅረቱ ቀላል ነው፣ መመለሱ ነው የሚከብደው

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዕድሜዬ 31 ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን ጅማ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀን ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ፣ አጂፕ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ለጎልማሶች የማታ እንግሊዝኛ ጀመርኩ። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ክፍያው በወር 500 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 28 ሰው ተመዘገበ። ወንበር አንሶኝ ከጎረቤት ካፌ ተውሼ ነበር። የባጃጅ ሾፌር አለ፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ አለች፣ ቡና ነጋዴዎች አሉ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አለች፣ ሱቅ ያላቸው እናቶች አሉ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ 17 ሆኑ። አሁን ዘጠኝ ናቸው፤ እነሱም አንድ ቀን ስድስት፣ አንድ ቀን አራት ሆነው ነው የሚመጡት።

ያልሞከርኩት የለም። ሰዋስውን ከሥሩ ነው የማስተምራቸው፤ ሌሊት ቁጭ ብዬ እዘጋጃለሁ። መክሬያቸዋለሁ፣ ተቆጥቼያቸዋለሁ። ያረፈደ ሰው 20 ብር እንዲቀጣ ባደረግኩ ሳምንት አምስት ሰው ቀረብኝ። ስደውልላቸው «እሺ ቲቸር፣ ነገ እመጣለሁ» ይሉኛል። አይመጡም። ፍላጎት የላቸውም እንዳልል፣ ሲመዘገቡ የነበራቸውን ጉጉት አይቻለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የኔ ነው? ባለቤቴ «የሦስት ወር ቅድሚያ አስከፍያቸው፣ ገንዘባቸው እንዳይቀልጥ ሲሉ ይመጣሉ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁልፉን ለአከራዩ መልሼ ልገላገል እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍሉ ሁሉ «እናታችን» የሚላቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ሃምሳዎቹን አልፈዋል። ልጃቸው ሚኒሶታ ነው የምትኖረው፤ የልጅ ልጆቻቸው ከእንግሊዝኛ በቀር አይሰሙም። ከነሱ ጋር ለማውራት ነው የተመዘገቡት። ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ወንድማቸው አርፎ ሁለት ሳምንት ቀሩ። በተመለሱ ቀን እንደ ማንኛውም ተማሪ ሰሌዳ ላይ አውጥቼ እንዲያነቡ ጠየቅኳቸው። አቃታቸው፤ ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ስለዚህ ያን ያህል ቁም ነገር አላደረግኩትም። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ አየኋቸው። እንዳላየኝ ሰው ዞር ብለው ሄዱ። ምን ላድርግ?

ባዶ ወንበር የሰለቸኝ፣ ከጅማ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቁጥሩን፣ ክፍያውን፣ ቅጣቱን ዘርዝረሽ ከጨረስሽ በኋላ «አንድ ነገር ልጨምር» ብለሽ የጨመርሻት ናት እኔን የያዘችኝ። ለዚህ ዓምድ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማቸውን ነገር መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጉታል። ስለዚህ ከሷ ልጀምር።

«እሳቸውም አብረው ሳቁ» ብለሻል። እስቲ አስቢው። ልጅ የዳሩ፣ ሰፈር የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። ወንድማቸውን ቀብረው፣ ሁለት ሳምንት ለቅሶ ተቀምጠው መጡ። ልጆቻቸው በሚሆኑ ሰዎች ፊት ቆሙና ፊደሉ ተደበላለቀባቸው። ካልሳቁ ምን ያድርጉ? ያልቅሱ? ያ ሳቅ የይሉኝታ ሳቅ ነው።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። «እንደ ማንኛውም ተማሪ» ያልሽው በቅን ልብ እንደሆነ ገብቶኛል። ሰው ሳታበላልጪ ማስተማርሽ ነው። ግን ቀን የምታስተምሪያቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ሰሌዳ ላይ ቢሳቅባቸው እረፍት ሲደወል ረስተውት ኳስ ይራገጣሉ። ትልቅ ሰው አይረሳም። ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ እራት ላይ አብሮት ይቀመጣል። አንዳንዶቹ ተማሪዎችሽ ደግሞ ልጅ ሳሉ ሰሌዳ ፊት ኩርኩም የቀመሱ ይሆናሉ። ጠመኔ ሲይዙ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው እሱ ነው።

ጎልማሳ ተማሪ የመጀመሪያውን ቀን የሚቀረው በምክንያት ነው። ልጅ ታመመ፣ ለቅሶ መጣ፣ ባጃጁ ጋራዥ ገባ። ሁለተኛውን ቀን የሚቀረው ግን የመጀመሪያውን ስለቀረ ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ሁለቱን ስለቀረ። ልጁ ድኗል፣ ባጃጁም ተሠርቷል፤ አሁን የያዘው ሼም ነው። «እሺ ቲቸር፣ ነገ እመጣለሁ» የሚሉሽ ሰዎች እየዋሹሽ አይደለም። ሲናገሩት የምር ሊመጡ ነው። 12 ሰዓት ሲቃረብ ነው እግራቸው የሚተሳሰረው።

እኔ ራሴ እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት ሥራ አንቺ ያለሽበት ከተማ አምጥቶኝ ነበርና አፋን ኦሮሞ ልማር ብዬ ማታ ማታ ጀመርኩ። አምስት ሳምንት ተማርኩ። «አካም ጅርቱ» ከማለት አልፌ ጎመን ላይ መከራከር ሁሉ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ልጄ ታመመና አንድ ሳምንት ቀረሁ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ዳነ፣ እኔ ግን አልሄድኩም። ምን ብዬ ልግባ? የት ደርሰው ይሆን? አንድ ቀን እዚያው ጅማ መርካቶ ውስጥ አስተማሪዬን ከሩቅ አየሁትና ከተደረደረ የቡና ጆንያ ጀርባ ቆሜ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። የአርባ ዓመት ሴት! ጆንያው ላይ ያለው አቧራ አፍንጫዬ ገብቶ ማስነጠሴን በመዳፌ እንዳፈንኩት እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ሰውየው ምንም አላደረገኝም፤ እንዲያውም እርጋታው ደስ የሚል ሰው ነበር። ቢያየኝ «የት ጠፋሽ?» ነበር የሚለኝ። የሸሸሁት እሷን ቃል ነው። ዛሬም አፋን ኦሮሞዬ እዚያው ጎመን ላይ እንደቆመ አለ።

እናታችንም ገበያ ውስጥ ዞር ያሉት እንደዚያው ነው የሚመስለኝ። ጠልተውሽ አይደለም።

ይህ ነገር የኛ ብቻም አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ጆን ኮሚንግስ የሚባል ሰው ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን ሳይጨርሱ ቀርተው ወደ ትምህርት ስለተመለሱ ጎልማሶች ጥናት አውጥቶ ነበር። ሰዎቹ እንዲዘልቁ የሚረዷቸው አራት ነገሮች ናቸው ብሏል። ወደ ትምህርቱ የሚገፋቸውንና ከትምህርቱ የሚያስቀራቸውን ነገር አውቀው መያዝ፤ «እችላለሁ» ማለት፤ የራሳቸው የሆነ ግብ፤ ወደዚያ ግብ እየቀረቡ መሆኑን ማየት። ቅጣት እዚያ ውስጥ የለም። በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ደግሞ ለሚቀር ሰው የሚሉት ነገር ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለውን ሰው «አቋረጠ» ብለው አይዘጉትም፤ «ስቶፕ አውት» አደረገ ይሉታል። ለጊዜው ወጣ ብሏል፣ ይመለስ ይሆናል እንደማለት ነው።

እንግዲህ አንቺ «እንዳይቀሩ ምን ላድርግ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። መቅረቱን ማስቆም አትችይም። ለቅሶውንም፣ ዝናቡንም፣ የልጅ ትኩሳቱንም አንቺ አልላክሽውም። ልትሠሪበት የምትችዪው መመለሻውን ነው። የቀረ ሰው በየት በኩል፣ ምን ብሎ፣ ማን አጠገብ ተቀምጦ ይመለስ?

በዚህ ዓይን ስታዪው የ20 ብሩ ቅጣት ይብራራልሻል። 20 ብር የሚከብደው ሰው የለም፤ ማኪያቶ እንኳ አይገዛም። የከበዳቸው ሰው እያያቸው መቀጣቱ ነው። ያረፈደ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ከምገባ ብመለስ ይሻላል» እንዲል አደረገው። ዛሬውኑ አንሺው። ስታነሺውም ንግግር አታድርጊበት፤ «ቅጣቱ ቀርቷል፣ የተሰበሰበው ብር ለቡና ይሁን» ብለሽ አንድ ማታ ቡና አስፈዪበት።

ግን ለምን ነበር የሚያረፍዱት? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በይልኝ። ጅማ ላይ ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ እንደ ወቅቱ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ትላለች። መግሪብ በትክክል ክፍልሽ መሀል ላይ ነው የሚወድቀው። ከተማው ውስጥ ስንት ሙስሊም እንዳለ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ሰግዶ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ «አርፋጅ» ነው፤ ሳይሰግድ የሚመጣው ደግሞ ልቡ አብሮት አይመጣም። ይህን ፊት ለፊት አይነግሩሽም፤ አስተማሪ ነሽና ያከብሩሻል። 1 ሰዓት ላይ ብትጀምሪስ? ሱቅ የሚዘጉትም እናቶች እፎይ ይላሉ። እርግጥ ሲመሽ የመመለሻው ነገር ይመጣል። በተለይ ለሴቶቹ ቀላል አይደለም። ለዚህ ግን ክፍልሽ ውስጥ ባጃጅ ሾፌር አለ እኮ! በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ሦስት ሆነው ቢሳፈሩ እሱም ይሠራል፣ እነሱም ይደርሳሉ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሰዓቱን እንደገና አብራችሁ ተነጋገሩበት። ጾሙ በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ዘንድሮ የሠራው ሰዓት ከርሞ አይሠራም።

ሐሙስንስ ማን መረጠው? የጅማው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ሲነግድ የዋለ ሰው ሐሙስ ማታ የሚፈልገው እግሩን የሚነክርበት ሙቅ ውኃ ነው። ማክሰኞ ብታደርጊው ምን ያህል ሰው ይተርፍልሽ እንደነበር አላውቅም፤ ግን ጠይቂያቸው።

ደግሞ ከመስቀል በኋላ ነው የጀመርሽው። ጅማ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይጫናል። የዓመቱ ገንዘብ የሚገባው ያኔ ነው። ቡና ነጋዴዎችሽ ኅዳር ላይ ቢጠፉ እንግሊዝኛ ሰልችቷቸው ነው ማለት ይከብደኛል። ገጠር ናቸው፣ ጆንያ ላይ ናቸው። እነሱን «አቋረጡ» ብለሽ ከመዝገብ ሰርዘሻቸዋል? ካደረግሽው መልሺያቸው። ጥር ላይ ደውለሽ «ቡናው እንዴት ነበር?» በያቸው። ከርሞም በቡና ወራት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጡበትን መንገድ ከወዲሁ አብራችሁ አስቡ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ሰዋስው ከሥሩ እንደምታስተምሪ ጽፈሽልኛል፤ ልፋትሽ ያስታውቃል። ግን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። የካምብሪጅ ፈተና አዘጋጆች ከዜሮ የተነሳ ሰው ኤ2 የሚባለው ደረጃ ላይ ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት በመምህር እየተመራ መማር ያስፈልገዋል ብለው ይገምታሉ። ኤ2 ማለት ስለ ራሱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ገበያና ስለ ሥራው በቀላል ዓረፍተ ነገር የሚያወራ ሰው ነው። ያንቺ ክፍል በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳይቀር የተማረ ሰው 180 ሰዓት ለመሙላት 40 ሳምንት ይፈልጋል። በሦስት ወር 58 ሰዓት ገደማ ነው የሚሆነው። እና ልጠይቅሽ፤ ስትመዘግቢያቸው ምን ብለሻቸው ነበር? በየግንቡ የሚለጠፈውን «በሦስት ወር አቀላጥፈው ይናገሩ» የሚለውን ለምደውታል። አንቺ ባትዪውም እነሱ እሱን አስበው ነው የመጡት። ሦስት ወር ሊሞላ ሲል አፋቸው እንዳልተፈታ ያያሉ። «ቲቸር ዋሸችኝ» አይሉም፤ «እኔ ደደብ ነኝ» ብለው ነው የሚቀሩት። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው። ትልቅ ሰው ረጅም መንገድ አያስፈራውም፤ ስንት ቀን እንደሚያስሄድ ሳይነገረው ሲቀር ነው የሚሰለቸው።

ሌላም ንገሪያቸው። አብዛኞቹ ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ገበያ አማርኛ እያወሩ ነው የሚውሉት። ዳውሮኛ ወይም የምኛ የሚጨምርም አይጠፋም። ደንበኛ በገባ ቁጥር ቋንቋ የሚቀይር ባለሱቅ ቋንቋ መማር አይችልም ያለው ማነው? እንግሊዝኛ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋው ነው። ይህን ከመምህር አፍ ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

40 ሳምንቱ ግን ባዶ እጅ አይታለፍም። ሰው በየሳምንቱ አንድ ነገር ይዞ መውጣት አለበት። እናታችንን ውሰጂ። ስልኩ ይደወላል፣ ኢሞ ይከፈታል፣ አንድ ፍንጭት ጥርስ ያለው ልጅ ብቅ ይልና «ሃይ ግራንድማ!» ይላል። ከዚያ ዝም። ልጁ ዝም፣ አያት ዝም። እናትየዋ ከጎን ታስተረጉማለች፣ ልጁ ይሰለቸውና ወደ ጨዋታው ይሮጣል። እሳቸው 500 ብር የከፈሉት ለዚያች ዝምታ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ዓረፍተ ነገር ቢይዙስ? «ሃው ዋዝ ስኩል?» «ዋት ዲድ ዩ ኢት?» «ሾው ሚ ዩር ቲስ።» «አይ ሚስ ዩ።» «ኮል ሚ ሰንደይ።» ልጁ የሚመልሰው ሁሉ ላይገባቸው ይችላል። ግን ልጁ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያሳያቸዋል። እንዲህ የሆነ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀር ይመስልሻል?

እንግዳ ተቀባይዋ ደግሞ «ዩር ሩም ኢዝ ኦን ዘ ሰከንድ ፍሎር» ነው የምትፈልገው። ሾፌሩ ዋጋ መንገርና «ሌፍት፣ ራይት»። ለሁሉም እኩል ሁሉንም ማስተማር ግዴታሽ አይደለም። ሰኞ ስትገቢ አንድ አንድ ቁራጭ ወረቀት ስጫቸውና «እንግሊዝኛ ባለመቻልህ መጨረሻ የተቸገርክበት ቀን መቼ ነበር? ምን ልትል ፈልገህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይጻፉት። ያ ወረቀት የሁለት ወር ትምህርት ይሆንሻል። ሰዋስውሽም አይቀርም፤ «ዲድ» የት እንደሚገባ ከልጁ ጥርስ ጋር ሲያዩት አይረሱትም።

እያንዳንዱ ማታ ደግሞ በራሱ የሚያልቅ ይሁን። ዛሬ የሰኞ ተከታይ፣ ሰኞ የባለፈው ረቡዕ ተከታይ ከሆነ አንድ ቀን የቀረ ሰው ሰንሰለቱ ተበጠሰበት ማለት ነው። ተከታታይ ፊልም መሀል ላይ እንደመግባት ነው። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ የመጡት ለቀሩት ያለፈውን ያስረዱ። የመጡትም ይከልሱታል፣ የቀሩትም ማንም ሳይጠይቃቸው ይደርሱበታል። ሰሌዳ ላይ ማውጣቱን ለጊዜው ተዪው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ያንብቡ፤ አንቺ በመሀል እየዞርሽ ስሚ። «ስኩል»ን «እስኩል» ያለውን እዚያው ጆሮው ላይ አርሚው እንጂ ለክፍሉ አታሰሚበት።

ሦስት ሦስትም አድርጊያቸው። ሦስቱ ስልክ ይለዋወጡ። አንዱ ሲቀር መጀመሪያ የሚደውለው ከሦስቱ አንዱ ይሁን፣ አንቺ አይደለሽም። እቁብና እድር ላይ ሰው ዝም ብሎ ሲጠፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? በማግስቱ ሰው በር ላይ ነው። እኛ ይህን ነገር ከማንም በላይ እናውቅበታለን፤ ክፍል ውስጥ ስንገባ ብቻ ነው የምንረሳው። ከሁለተኛው ቀሪ ቀን በኋላ አንቺ ስትደውዪ ደግሞ «ለምን ቀረህ?» ከምትዪ እንዲህ በዪ፦ «ሰላም ነህ ወይ? ቤት ሁሉ ደህና? ረቡዕ ስልክ ማውራት ነው የምንለማመደው። ያለፈውን ገጽ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልልክልህ?» በቃ። ማብራሪያ አልጠየቅሽውም። ሲመጣ የት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚማር ያውቃል።

ባለቤትሽ ያለውን የቅድሚያ ክፍያ ነገር አልንቀውም። ኪራይ አለብሽ፣ በነጻ አስተምሪ የሚልሽ ሰው ኪራዩን አይከፍልልሽም። ግን የሦስት ወር ብር ከፍሎ ሁለት ሳምንት የቀረ ሰው ሼሙ ላይ ንዴት ነው የሚጨምርበት። እኔ ብሆን የ12 ክፍለ ጊዜ ካርድ እሠራ ነበር። በገባ ቁጥር ትፈርሚለታለሽ፤ ካርዱ እስኪያልቅ በአንድ ወርም ይጨርሰው በሁለት ወር የራሱ ጉዳይ ነው። ገቢሽ ትንሽ ይዋዥቃል፣ አልዋሽሽም። በሌላ በኩል ግን አራት ፊርማ የቀረው ካርድ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው መመለሻ አለው።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ታላቅ እህት ልንገርሽ። የቀሩትን ስትቆጪ የሚሰሙሽ የመጡት ናቸው። ዝናብ መትቷቸው፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ የመጡት አራት ሰዎች የሃያ አራት ሰው ቁጣ ይቀበላሉ። እነሱን ቁጠሪ። አንድ ነገር ለራስሽም ሞክሪ። በስልክሽ የእያንዳንዳቸውን ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅጂ፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ቅጂና ሁለቱን ለየብቻቸው አሰሚያቸው። እነሱ ይደነግጣሉ። አንቺም ሥራሽን ትሰሚዋለሽ፤ እስካሁን ስታዪ የነበረው ወንበር ነበርና።

«ጥፋቱ የኔ ነው?» ላልሽው፣ ሰዓቱና ቅጣቱ ያንቺ ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ ሳምንት የሚስተካከሉ ናቸው። ቡናውና ለቅሶው ያንቺ አይደሉም። ቁልፉን ስለመመለስሽ ግን እኔ አልወስንልሽም። ቀን ሙሉ ቆመሽ አስተምረሽ ማታ ደግሞ መቆም ቀላል አይደለም። ደክሞሽ ከሆነ ሦስቱን ቀን ሁለት ማድረግ ትችያለሽ፤ ሁሉም ይመለሳል ብለሽም አትጠብቂ። አንዳንዱ የሚፈልገውን ያህል አግኝቶ ሄዷል። እሱ ኪሳራ አይደለም።

ወደ እናታችን ልመለስ። ደብዳቤሽ ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ነገር አለ። ወንድማቸው ሲያርፍ ለቅሶ ደርሳችኋል? ከክፍሉ የሄደ ሰው አለ? ካልሄዳችሁ፣ እሳቸው ሰሌዳው ላይ ከመቆማቸው በፊትም ትንሽ ቅር ብሏቸው ይሆናል። «እናታችን» እየተባሉ የቆዩ ሰው ናቸው እኮ።

ዘግይቷል ብለሽ አትተዪው፤ ለቅሶ ዘግይቶም ይደረሳል። በዚህ ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ ከዘጠኙ ተማሪዎች ሁለቱን ይዘሽ ሂጂ። ከሳቁት ልጆች አንዱ ቢኖርበት ጥሩ ነው፣ ግን አታስገድጂው። ትንሽ ስኳርና ቡና ያዙ። «ሳንሰማ ቀርተን ሳይሆን ሳንመጣ ቀርተን ነው፣ ይቅር ይበሉን» በያቸው። የወንድማቸውን ነገር ጠይቂያቸው፤ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ቡናው እስኪፈላ ይንገሩሽ። ስለ ትምህርት አንዲት ቃል አታንሺ። ሰሌዳውንም አታንሺው፤ ይቅርታው ውስጥ እሱም አለ፣ ይገባቸዋል። ምናልባት ሁለተኛው ስኒ ላይ ራሳቸው «የት ደረሳችሁ?» ይሉሻል። ያን ጊዜ ከቦርሳሽ ያቺን አምስት ዓረፍተ ነገር የያዘች ወረቀት አውጪ። አጠራሩን በአማርኛ ፊደል ጻፊላቸው፤ አፋን ኦሮሞ በላቲን ማንበብ የሚቀናቸው ከሆነ በዚያ። ባይጠይቁሽም ስትወጪ ጠረጴዛው ላይ ትተሽላቸው ነዪ።

ሄደሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ። ልጁ ጥርሱን አሳይቷቸው እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።